በጉልበት ፈረስ ወደ ኢሴ፤ የጃፓን ተራ ሕዝብ የሽርሽር ታሪክ

የእስያ መንገዶች ታሪክ በተጻፈበት ሁሉ ቀዳሚውን ስፍራ ይዘው የሚገኙት ነጋዴዎች፣ የነገሥታት መልእክተኞች፣ የጦር መሪዎችና መነኮሳት ናቸው። ሐር በግመል የጫነው፣ የንጉሥ ደብዳቤ የያዘው፣ መጽሐፍ ፍለጋ በረሃ ያቋረጠው ሁሉ ስሙ በየመዝገቡ ሰፍሮለታል። አገር ለማየት፣ ያልቀመሰውን ለመቅመስ፣ ከባልንጀራው ጋር እየተሳሳቀ መንገድ ለመምታት ሲል ከቤቱ የወጣው፣ በመቀነቱም ከጥቂት ሳንቲም በቀር ያልቋጠረው ተራ ሰው ግን ከታሪክ ጸሐፊዎች ብዕር ብዙ ጊዜ አምልጧል። ይህም የሆነው እንዲህ ያለ ተጓዥ ስላልነበረ አይደለም። ከ17ኛው መቶ ዓመት እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በጃፓን ምድር ገበሬው፣ የእጅ ባለሙያው፣ የሱቅ አሽከሩና የቤት ሠራተኛይቱ በሚሊዮን እየተቆጠሩ በእግራቸው ተጉዘዋል። ይህን ጉዞ ማንም ከላይ አልቸራቸውም። በመዋጮ፣ በብልሃትና በቀልድ ጭምር ራሳቸው ያስገኙት ነው።

በዚያን ዘመን ጃፓንን ይገዛ የነበረው፣ መቀመጫውን በኤዶ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ ያደረገው የቶኩጋዋ ቤት የሾገን መንግሥት ነበር። ሥልጣኑም ከ1603 እስከ 1868 ዘልቋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መንግሥቱ በ1635 ባጸናው ደንብ መሠረት የየግዛቱ መሳፍንት ሚስትና ልጆቻቸውን በኤዶ በመያዣነት እየተዉ፣ እነርሱም ወደ ዋና ከተማዋ በየጊዜው እየተመላለሱ እንዲቀመጡ ተገደዱ። ያንን ሁሉ አጀብና ጓዝ የሚያስተናግድ መንገድም አስፈለገ። ከመንገዶቹ ሁሉ የታወቀው ከኤዶ ተነሥቶ የባሕሩን ዳር ይዞ ወደ ኪዮቶ የሚዘልቀው ቶካይዶ ነበር። ርዝመቱ 490 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በመካከሉ ያሉት የማረፊያ ጣቢያዎችም 53 ነበሩ። በግራና በቀኙ የጥድ ዛፍ ተተክሎለት፣ በየ4 ኪሎ ሜትሩ ግድም ርቀትን የሚያመለክት ጉብታ ተሠርቶለት ነበር። ለመሳፍንት አጀብ ተብሎ በተተከለው ጥላ ሥር የተቀመጠው ግን በአብዛኛው ሌላ ሰው ነው። በ1691ና በ1692 ከሆላንድ መልእክተኞች ጋር በዚህ መንገድ ያለፈው ጀርመናዊው ሐኪም ኤንገልበርት ኬምፕፈር፣ በአንዳንድ ቀናት የመንገዱ ግፊያ ከአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች አደባባዮች የሚብስ መሆኑን በመገረም ጽፏል።

ገበሬው በዚህ መንገድ ላይ እንዲገኝ ግን አልተፈለገም። የገዥዎቹ ገቢ በሩዝ ግብር ላይ የቆመ ነበርና ማሳውን ትቶ የሄደ ሰው ከግምጃ ቤት እንደ ጎደለ ሀብት ይቆጠር ነበር። በ1649 ወጣ ሲባል የኖረ፣ የወጣበት ጊዜ ግን ሊቃውንትን የሚያከራክር አንድ የገበሬዎች መተዳደሪያ ጽሑፍ፣ ሻይና ሽርሽር የምታበዛ ሚስት እንድትፈታ እስከ መምከር ደርሷል። ከመንደሩ ርቆ ለመሄድ የሚሻ ሰው ከጭቃ ሹሙ ወይም ከተመዘገበበት የቡድሃ ቤተ መቅደስ የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበት። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ደጋግሞ የሚገኝ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ተጓዡ በመንገድ ላይ ቢሞት እዚያው እንደ ቦታው ልማድ እንዲቀበር፣ ወደ ትውልድ መንደሩም መርዶ መላክ እንደማያስፈልግ የሚገልጽ ቃል ነው። ሽርሽር የሚወጣ ሰው የቀብሩን ነገር በጉያው ይዞ ይወጣ ነበር ማለት ነው።

በ1619 የተቋቋመው የሀኮኔ ኬላ በተለይ አንድ ነገር ይፈልግ ነበር፤ ከኤዶ የምትወጣ ሴት። ሴቲቱ በመያዣነት የተቀመጡት የመሳፍንት ሚስቶች የመኮብለል ምልክት ተደርጋ ትታይ ነበርና ነው። ሴት ተጓዦችን የምትፈትሽ ሴት በኬላው ተመድባ ጠጉራቸውን ሳይቀር እየፈታች ትመረምር ነበር። የመሳፍንት ሚስት ለመሆን ከቶ ያልታደለች የገበሬ ባልቴትም በዚህ ፍተሻ ታልፋለች። ስለዚህም ብዙ ሴቶች ኬላውን በተራራ ጭልጥ ያለ መንገድ እየዞሩ ማለፍን መረጡ፤ ሲያዙ የሚጠብቃቸው የሕጉ ቅጣት ሞት መሆኑን እያወቁ።

የኬላ ጠባቂ እንቢ ለማለት የሚቸገርበት አንድ ምክንያት ግን ነበር፤ እርሱም መሳለም ነው። በዛሬው የሚኤ ግዛት የሚገኙት የኢሴ የሺንቶ መቅደሶች በጃፓን ሁሉ የከበሩ ናቸው። በውስጠኛው መቅደስ የፀሐይ አምላክ የምትባለው አማቴራሱ፣ በውጭኛው ደግሞ የእህልና የምግብ ጠባቂ የሆነችው ቶዮኡኬ ይመለካሉ። ገዥዎቹ ለሽርሽር የሚከለክሉትን ፈቃድ ለዚህ ስፍራ ሲሆን ይለግሱ ነበር። ሕዝቡም ይህን ቀዳዳ ለማወቅ ጊዜ አልወሰደበትም። ከሰሜን ምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል አዝመራውን ሰብስቦ በክረምቱ ብርድ ወደ ኢሴ የተነሣ ገበሬ ስግደቱን በአንድ ሁለት ቀን ይጨርስና ናራን፣ ኦሳካንና ኪዮቶን ይጎበኛል፤ አንዳንዱም ባሕር ተሻግሮ በሺኮኩ ደሴት ያለውን የኮንፒራ መቅደስ ያያል፤ በተራሮቹ መካከል ባለው በዜንኮጂ በኩል አድርጎ በሁለት ወይም በሦስት ወሩ ቤቱ ይገባል። ስግደቱ ማታለያ ብቻ ነበር ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በዘመኑ ሰው አእምሮ መሳለምና መደሰት የሚጣሉ ነገሮች አልነበሩም፤ በንግሥ ዕለት ከደብር ውሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ለዚህ ሁሉ ጉዞ ገንዘቡ ከየት ተገኘ? መልሱ “ኮ” በሚባለው የመንደር ድርጅት ላይ ነው። ኮ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ ዕቁብና ማኅበር በአንድ ላይ ቢሰፉ እርሱን ይመስላሉ። የመንደሩ ሰዎች በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ሳንቲም ያዋጣሉ፤ የተጠራቀመው ለሁለት ለሦስት ሰው መንገድ ሲበቃ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የወጣላቸውም የሁሉ ወኪል ሆነው ወደ ኢሴ ይሄዳሉ። ተመልሰውም መዋጮአቸውን አያቋርጡም፤ በዓመታት ውስጥ ተራው ለሁሉም ይደርሳልና። አንዳንድ መንደር ለዚሁ ጉዳይ የጋራ ማሳ ለይቶ ምርቱን በመንገድ ገንዘብነት ያስቀምጥ ነበር። በመነሻው ዕለት ዘመድና ጎረቤት የስንብት ገንዘብ ይሰጣል። ተጓዡ የሰጪዎቹን ስም በመዝገብ ይይዛል፤ ለእያንዳንዳቸው የሚያመጣው ስጦታ ዕዳው ነውና። በትከሻ የሚጫን መሆን ስላለበት ስጦታው ቀላል ነገር ነበር፤ የመቅደሱ ክታብ፣ የኢሴ የቀን መቁጠሪያ፣ መድኃኒት፣ ማራገቢያ። በመመለሻው ቀን መንደርተኛው መጠጥ ይዞ እስከ ድንበሩ ድረስ ወጥቶ ይቀበለዋል። እንግዲህ የሄደው አንድ ሰው ቢሆንም በእርሱ ዓይን ያየው መንደሩ ሁሉ ነበር። ብዙዎቹ ተጓዦች የዕለት ወጪአቸውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ድረስ የጻፉትም የጋራ ገንዘብ መሆኑን ስለሚያውቁ ይመስላል። ዛሬ ለታሪክ ተመራማሪዎች ከማናቸውም ምስክር የበለጠ ያገለገሏቸው እነዚሁ የገበሬ ደብተሮች ናቸው።

የኮ ገንዘብ የተትረፈረፈ ስላልነበረ ቆጥቦ መጓዝ ራሱ እንደ ሙያ ተለመደ። እራትና ቁርስ የሚያቀርበው ማረፊያ ሃታጎ ሲባል፣ ከእርሱ የሚያንሰው ኪቺን ያዶ ይባል ነበር፤ የማገዶ ዋጋ ማደሪያ እንደ ማለት ነው። በዚህ ቤት ተጓዡ ስንቁን ይዞ ይመጣና የማገዶውን ብቻ ከፍሎ ሩዙን ራሱ ያበስላል፤ ሌሊቱንም ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ጎን ለጎን ተደርድሮ ያነጋል። ጫማው ከሩዝ ገለባ የተጎነጎነ ነበር፤ ቶሎ የሚያልቅ፣ በየመንደሩ በርካሽ የሚገኝ፣ ሲበጠስም በመንገዱ ዳር የሚጣል። ያሱሚ ሮአን የተባለ ጸሐፊ በ1810 ለመንገደኞች ያሳተመው መጽሐፍ 61 ምክሮችን ይዟል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግርን ሳያጣድፉ ቀስ ብሎ መሄድ እንደሚገባ፣ ማረፊያ እንደ ደረሱም ከሁሉ አስቀድሞ አቅጣጫውን፣ የመጸዳጃውን ስፍራና የፊትና የኋላ በሩን ማወቅ እንደሚያሻ ይመክራል፤ እሳት ወይም ሌባ ወይም ጠብ በጨለማ ቢነሣ መውጫው እንዳይጠፋ ነው። ምክሮቹ ዛሬም ቢሆን አላረጁም።

ማረፊያ ቤቶቹ እንግዳ ለመያዝ የሚያደርጉት ሽሚያ ግን ለብዙ መንገደኛ መከራ ነበር። ሠዓሊው ሂሮሺጌ በ1830ዎቹ በእንጨት ቅርጽ ባሳተማቸው የቶካይዶ ጣቢያዎች ሥዕሎች መካከል የጎዩን ጣቢያ የሚያሳየው፣ ሁለት ሴቶች መንገደኞችን በጓዛቸውና በክንዳቸው አንቀው ወደ ቤት ሲጎትቱ ያሳያል። ሥዕሉ ያስቃል፤ ገንዘቡ ለተቆጠረና ብቻውን ለሚሄድ ሰው ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ለዚህም መላ ያመጡት መንገደኞች ራሳቸው ናቸው። በ1804 በኦሳካ፣ ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን ጅማት የሚሠራው ማትሱያ ጂንሺሮና ዕቃውን እየዞረ የሚሸጥለት ወኪሉ ጌንሱኬ ናኒዋ ኮ የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። የታመኑ ማረፊያዎች የማኅበሩን ሰሌዳ በደጃቸው ይሰቅላሉ፤ አባላቱም የመታወቂያ ምልክት ይይዛሉ። ቁማርተኛ፣ ሴት ይዞ የሚገባና ሰክሮ የሚጮህ በእነዚህ ቤቶች አይስተናገድም። በየመንገዱ ጉልበቱን ሲጨርስ የኖረ የሽያጭ ሠራተኛ ያሰበው ነገር መሆኑ ከአሠራሩ ይታወቃል።

ገንዘብ የማይቆጠብበት ስፍራም ነበር፤ የኦኢ ወንዝ። በሺማዳና በካናያ ጣቢያዎች መካከል የሚያልፈው ይህ ሰፊ ወንዝ ድልድይም ጀልባም አልተፈቀደለትም። ምክንያቱ ለኤዶ መከላከያ ነው ይባል ነበር፤ በሁለቱ ዳር ያሉት ጣቢያዎች ጥቅም ግን ከዚህ ያነሰ ምክንያት አልነበረም። ተሻጋሪው በተሸካሚ ትከሻ ላይ ወይም በቃሬዛ ተጭኖ ያልፋል። ዋጋውም እንደ ውሃው ጥልቀት ነው፤ ውሃው ከተሸካሚው ጭን ሲደርስ 48 ሳንቲም፣ ከብብቱ ሲደርስ 94። ከዚያ ካለፈ መሻገሪያው ይዘጋና ልዑሉም ለማኙም በአንድ ዳር ቁጭ ብለው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃሉ። ለሁለቱ ጣቢያዎች ይህ የመከር ወራት ነበር።

የመንገዱን ደስታ ከማንም በላይ የጻፈው ጂፔንሻ ኢኩ ነው። በ1802 መታተም የጀመረው ድርሰቱ ሂዛኩሪጌ ይባላል፤ የጉልበት ዳማ ፈረስ ማለት ነው፤ ፈረስ የሌለው ሰው ጉልበቱን ኮርቻ ጭኖ ይሄዳልና። ያጂና ኪታ የተባሉት ሁለት የኤዶ ሰዎች ወደ ኢሴ እየሄዱ ሳለ ገንዘባቸውን በሌባ ይሰረቃሉ፤ ያልሆኑትን ነን ሲሉ ይዋረዳሉ፤ ያላዘዙትን ይበላሉ። በኦዳዋራ ማረፊያ የመታጠቢያው በርሜል ከሥሩ በእሳት የሚሞቅ ብረት ነው፤ በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው እንጨት በእግር ተረግጦ የሚወረድበት መሆኑን ባለማወቁ ያጂ ክዳን መስሎት ያነሣዋል፤ እግሩም ይቃጠላል። ነገሩን ለማንም ሳይናገር የመጸዳጃውን የእንጨት ጫማ ተጫምቶ ይታጠባል። ኪታም በተራው ይህንኑ ሲያደርግና በጫማው ሲረጋግጥ የብረቱ ሥር ወልቆ ውሃው ሁሉ ይፈስሳል፤ ባለቤቱም ካሣ ይጠይቃል። ድርሰቱ እጅግ ስለ ተወደደ ደራሲው ተከታዮቹን ክፍሎች እስከ 1822 ሲያወጣ ኖሯል። አንባቢው የሣቀው በራሱ ላይ ነበር፤ የማሪኮን የስራስር ሾርባና የኩዋናን በእሳት የተጠበሰ የባሕር ቀንድ አውጣ በየተራ የቀመሰ፣ ወይም ዕጣው እስኪወጣለት የሚጠብቅ ሕዝብ ነበርና።

ወደ ኢሴ የደረሰውን የኮ ወኪል የሚቀበለው ኦሺ የተባለው የመቅደሱ አገልጋይ ነው። ኦሺዎቹ በየመንደሩ እየዞሩ ክታብና የቀን መቁጠሪያ የሚያድሉ፣ ለመቅደሱም የሚሰበስቡ ነበሩ። በኢሴ ባለው ሰፊ ቤታቸውም ዓመት እስከ ዓመት ማሽላና ገብስ ሲበላ የኖረው ገበሬ በሐር ፍራሽ ተኝቶ፣ የባሕር ዓሣና ሩዝ ቀርቦለት እንደ መስፍን ያድር ነበር፤ በእርግጥ ዋጋውን የከፈለው ኮው ነው። በሁለቱ መቅደሶች መካከል በነበረው ፉሩይቺ ሰፈር ደግሞ ቲያትሩ፣ ዘፈኑና ጭፈራው ይጠብቀዋል። ተጓዡ ወደ ቤቱ ይዞ የሚመለሰው ግን ትዝታ ብቻ አልነበረም። በመንገዱ ያየውን የተሻለ የሩዝ ዘር፣ የሌላውን አገር የአስተራረስ ዘዴ፣ አዲስ ዜማና አዲስ ወሬ ይዞ ይገባ ነበር። ትምህርት ቤት ባልደረሰበት ዘመን የገበሬው ትምህርት ቤት ይህ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ደስታ ዕዳ የተጫነባቸውም አሉ። በየጣቢያው “ምግብ አቅራቢ” በሚል ስም የሚሠሩት ወጣት ሴቶች ብዙዎቹ በድህነት ምክንያት በወላጆቻቸው ለዓመታት የተሸጡ፣ ከምግቡ ጋር ገላቸውን እንዲያቀርቡ የሚገደዱ ነበሩ። መንግሥት በ1718 በአንድ ማረፊያ ከሁለት በላይ እንዳይሆኑ ቢወስንም ጣቢያዎቹ በእነርሱ ገቢ ስለሚኖሩ ደንቡ ብዙም አልተከበረም። መንገዱ ለሌላው የነጻነት ስፍራ ሲሆን ለእነርሱ ግን የአንድ ቤት ደጃፍ ነበር። የኢኩ ቀልድ እነርሱን ሲነካ የዛሬ አንባቢ እንደ ጥንቱ ሊሥቅ አይችልም።

ኮ የሌለው፣ ፈቃድም የማያገኝ ሰው ሌላ መንገድ ነበረው። የሱቅ አሽከሩ ለጌታው፣ ልጁ ለአባቱ ሳይናገር ሾልኮ ወደ ኢሴ ይሄዳል፤ ኑኬ ማይሪ ይባላል። የመቅደሱን ክታብ ይዞ ከተመለሰ አይቀጣም፤ እንዲህ ያለው ልማድ ከሕግ በላይ ይከበር ነበር። ይህ ልማድ በ1650፣ በ1705፣ በ1771ና በ1830 እንደ ጎርፍ ሆኖ ፈሰሰ። ኦካጌ ማይሪ፣ የጸጋው መሳለም የተባለው ነው። ሊቁ ሞቶኦሪ ኖሪናጋ በጻፈው መሠረት በ1705 በ50 ቀናት ውስጥ 3,620,000 ሰው ወደ ኢሴ አልፏል። የ1830ው ደግሞ በሺኮኩ በአዋ ግዛት ከፊደል ቆጣሪ ሕፃናት እንደ ጀመረ ይነገራል፤ የተጓዡም ቁጥር ከ4 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። የአገሪቱ ሕዝብ በዚያን ጊዜ 30 ሚሊዮን ያህል ነበር። የእነዚህ ተጓዦች ስንቅ አንዲት የእንጨት ጭልፋ ናት። ጭልፋ የያዘ የኢሴ ተሳላሚ ነውና በየደጁ ሩዝ ወይም ሳንቲም ይጣልለታል፤ ነጋዴዎች ምግብና የገለባ ጫማ በነጻ ያድላሉ፤ ባለ ጀልባዎች ያለ ዋጋ ያሻግራሉ። ውሾች እንኳ አንገታቸው ላይ ሳንቲም ታስሮላቸው ከተሳላሚው ጋር ይሄዱ ነበር፤ ሂሮሺጌም የሚያጋዋ ወንዝ መሻገሪያን ባሳየበት ሥዕሉ ከሕዝቡ መካከል አንድ ውሻ አልረሳም።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ የብሶት ማስተንፈሻ፣ ገዥዎችም ሆን ብለው የተዉት ቀዳዳ አድርገው ያቀርቡታል። ከፊል እውነት አለው፤ ሀብታሞቹ ሩዝ ያደሉት በቸርነት ብቻ ሳይሆን የተራበ ሕዝብ በደጃቸው እንዳይሰበሰብ በመፍራትም ነበር። ነገር ግን ማስተንፈሻ የሚለው ቃል የሰዎቹን ሐሳብ ይሰርዛል። ጭልፋ ይዛ የወጣች የሻይ ለቃሚ ልጅ ስለ መንግሥት ጸጥታ አላሰበችም። ከተራራው ወዲያ ያለውን ለማየት ፈልጋ ነበር፤ አየችውም። በ1867 ከኤዶ እስከ ኪዮቶ ባሉት ከተሞች ክታብ ከሰማይ ወረደ ተብሎ ሕዝቡ በየጎዳናው ሲጨፍር፣ በዓመቱ የሾገኑ መንግሥት ወደቀ። ጭፈራው መንግሥቱን ጣለው ለማለት አይቻልም፤ መንገዱን የለመደ ሕዝብ ግን በየቤቱ አልተቀመጠም።

አዲሱ የሜጂ መንግሥት በ1869 ኬላዎቹን አፈረሰ፤ በ1871 የኦሺዎቹን ሥራ ሻረ። በ1886 የቶኪዮ መምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎቹን ለቀናት የእግር ጉዞ ይዞ በመውጣት ዛሬም በአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ለሚዘወተረው የትምህርት ጉዞ መነሻ ሆነ። በ1889 የቶካይዶ የባቡር ሐዲድ ከቶኪዮ እስከ ኮቤ ሲያልቅ፣ ከኤዶ እስከ ኪዮቶ ሁለት ሳምንት ያህል የሚፈጀው የእግር መንገድ አንድ ቀን የማይሞላ ሆነ። በ1964 ፈጣኑ ሺንካንሰን ሲመጣ ደግሞ የጉዞው ጊዜ በሰዓት ብቻ ይቆጠር ጀመር፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከተማሪው ኪስ ራቀ። የጃፓን ምድር ባቡር በ1982 ያወጣው፣ “የወጣትነት 18” ተብሎ የታወቀው ርካሽ ቲኬት በትምህርት ዕረፍት ወራት በየጣቢያው በሚቆሙት ዝግተኛ ባቡሮች ላይ ብቻ ያገለግላል፤ ስሙ የወጣት ይሁን እንጂ ዕድሜ አይጠየቅበትም። ሽማግሌውም ተማሪውም በጉያቸው ስንቅ ይዘው በየመንደሩ እየቆሙ በቶካይዶ ይወርዳሉ። ባቡሩ ከሺማዳ ተነሥቶ ወደ ካናያ ሲያቀና በረጅም ድልድይ ላይ ያልፋል፤ ከሥሩ የሚታየው ኦኢ ነው።